መጽሐፉን የት ላይ ዘጋችሁት? አንድ የጦርና የፍቅር ልብወለድ በሐዋሳ አንባቢዎች እጅ

ሐዋሳ ውስጥ፣ ከፍቅር ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ በአንድ ቡና ቤት ጓሮ በየወሩ እሁድ ከሰዓት የሚገናኝ የንባብ ቡድን አለ። አሥር ገደማ ሰው ነን። ዝናብ የጣለ ቀን ግማሹ ይቀራል፤ የመጣውም በቆርቆሮው ጩኸት የተነሣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራው። እዚህ የምጽፈው ቡድኑ አንድ ልብወለድ ሲያነብ የሆነውን ነው። የአባላቱን ስም አልጠቅስም፤ ብዙዎቹ ስለ መጽሐፉ ሲያወሩ የቤታቸውንም ነገር አውርተዋል። እንድጽፈው ግን ፈቅደውልኛል።

መጽሐፉ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። እንዲነበብ ሐሳብ ያቀረበችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ናት። በስልኳ የእንግሊዝኛ ልብወለድ ታነባለች፤ በተለይ ወታደርና ፍቅር ያለበትን፣ ልብ አንጠልጣዩን። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኮማንዶ አንዲት ሴት ከአደጋ ያድናል፣ መሐል ላይ ይዋደዳሉ፣ ጠላት ይከተላቸዋል፤ እንዲህ ዓይነቱን። «በአማርኛስ እንዲህ ያለ የለም ወይ?» ብላ ጠየቀች። ከሦስት አፍ አንድ መልስ ወጣ።

ላላነበበ ሰው ባጭሩ ልንገር። ታሪኩ የሚጀምረው በታኅሣሥ 1974 ነው። ደርግ በኤርትራ ያካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሊጀመር ሽር ጉድ እየተባለ ነው። ተራኪው ጸጋዬ ኃይለማርያም የታወቀ የመንግሥት ጋዜጠኛ ነው። እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ የዘመቻውን የፕሮፓጋንዳ ሥራ ሊመራ አስመራ ይገባል። እዚያ ፊያሜታ ጊላይ ከምትባል የአስመራ ልጅ ጋር ፍቅር ይይዘዋል። ከዚያ ወዲያ ስለላው፣ ጥርጣሬውና ጦርነቱ አብረው እየተገመዱ እስከ ናቅፋ፣ እስከ ሻዕቢያ ምሽግ፣ ይሄዳሉ። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ገና የሚያነበው ሰው አለ።

ከመጽሐፉ ጋር አብሮ የሚነገረው ደግሞ የደራሲው ዕጣ ነው። በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ በዘመቻው ጊዜም አስመራ ነበር። «ኦሮማይ» በ1975 በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ። በልብወለድ ስም የተጻፉት ባለሥልጣናት እነማን እንደሆኑ ለመገመት አንባቢው ብዙም አልተቸገረም። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ደርግ ከወደቀ በኋላ መጽሐፉ እንደገና በነፃነት ታተመ፤ በ2017 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር ወጣ።

የኛ ቡድን ችግር የጀመረው እዚሁ ላይ ነው።

«ትልቅ ሥራ ነው»

አወያያችን የሁለተኛ ደረጃ አማርኛ አስተማሪ ናት። ልማዷ ውይይቱን «እንዴት አገኛችሁት?» ብላ መክፈት ነው። ሌላ ጊዜ ይህ ጥያቄ ይበቃል። አንዱ ያሞግሳል፣ ሌላው ያጣጥላል፣ ጨዋታው ይደራል። በ«ኦሮማይ» ጊዜ ግን ሁሉም ተራ በተራ ያንኑ ተናገረ። ትልቅ ሥራ ነው። ደፋር ደራሲ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ዳግም አይገኝም። በዚህ ማንም አልተቃወመም፤ እኔም አልቃወምም። ስለ መጽሐፉ ግን የተባለ አንድም ነገር የለም። ጥቅሱም፣ ትዕይንቱም፣ ገጸ ባሕርይውም አልተነሣም። ፊያሜታን የጠራት ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ነገሩ ይገባኛል። ሰው ሕይወቱን የከፈለበት መጽሐፍ ላይ «መሐሉ ሰለቸኝ» ብሎ እንዴት ይባላል? ያሳፍራል። ግን ደግሞ ደራሲን ማክበር መጽሐፉን ካላስነበበ ምን ዋጋ አለው? በዓሉ የጻፈው ልብወለድ ነው። አረፍተ ነገሩ አጭር፣ ምልልሱ ብዙ፣ ሰው ገጽ እንዲገልጥ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። እንዲህ የተሠራን ነገር በአንባቢነት መመዘን ነውር አይደለም። የተጻፈው ለዚያ ነው።

አስተማሪዋ ያን ቀን ምንም አላለችም። ለሚቀጥለው ግን አንድ ትዕዛዝ ሰጠች፤ «እንደገና አንብቡት፤ እርሳስ ያዙ። መጽሐፉን የዘጋችሁበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። ሊነጋ ሲል ይሁን፣ ደክሟችሁ ይሁን፣ ተናዳችሁ ይሁን ግድ የለም። የት ላይ እንደዘጋችሁት ብቻ ይዛችሁልኝ ኑ።»

እርሳሱ ያወጣው

መጀመሪያ የገጠመን ነገር የገጽ ቁጥር አለመገጣጠም ነው። አንዱ አዲስ እትም ይዟል፣ ሌላው ፎቶ ኮፒ፣ ተማሪዋ በስልኳ ፒዲኤፍ። ሃምሳ አለቃው ደግሞ የቆየ ቅጂ አላቸው። ሽፋኑ ከወደቀ ቆይቷል፤ በካኪ ወረቀት ተለብጦ ጀርባው በወፍራም ክር ተሰፍቷል። ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው በአደራ የተቀበሉት ነው። ስለዚህ «ገጽ ስንት» ማለት አልተቻለም። ሁሉም የዘጋበትን ቦታ ጮክ ብሎ ማንበብ ነበረበት። ይህ ያልታሰበ ነገር ውይይቱን ከሁሉ በላይ ጠቀመው። ሰው አስተያየቱን ከመናገሩ በፊት የደራሲው ድምፅ ይሰማል። ከዚያ በኋላ አየር ላይ የተንጠለጠለ ነገር መናገር ይከብዳል።

ተማሪዋ ጀመረች። የዘጋችው የስብሰባና የንግግር ገጾች ላይ ነው። እንዲያውም ዘግታ አልቀረችም፤ ዘልላቸዋለች። «ፊያሜታ የምትመጣበትን እየፈለግሁ ነበር የማነበው» አለች። «ልክ ሲቀራረቡ አንድ ባለሥልጣን ይነሣና ማውራት ይጀምራል።»

መሐንዲሱ ተቆጣ። «ዘልለሽ ካነበብሽማ አላነበብሽም።»

አስተማሪዋ ግን አልፈቀደችለትም። መዝለልም አስተያየት ነው አለችው። በዚህ ከአስተማሪዋ ጋር ነኝ። ተማሪዋ የለመደችው ዓይነት ልብወለድ ለአንባቢው ቃል ይገባል። አደጋው የቱንም ያህል ቢከፋ ሁለቱ ፍቅረኞች መጨረሻ ላይ አብረው ይሆናሉ። ፍቅሩና አደጋው እኩል ቦታ አላቸው፤ አንዱ ሌላውን ይገፋዋል። «ኦሮማይ» እንዲህ ያለ ቃል ገብቶ አያውቅም። እሷ ግን ያንን ቃል ይዛ ገባች፤ ንግግሮቹ የመጡባት እንደ ዕንቅፋት ነው። ሃምሳ አለቃው ሲሰሟት ቆይተው «ልጄ፣ ለኛም እኮ እንደዚያ ነበር የሚመጣብን» አሉ። ለጊዜው ሁሉም ሳቀ። ምን ማለታቸው እንደነበር የገባን ቆይቶ ነው።

መሐንዲሱ የስለላ ታሪክ ወዳድ ነው። እሱ መጽሐፉን ሳይዘጋ ብዙ ሄዷል። ማን ለማን እንደሚሠራ አለማወቁ ነው የያዘው። ፊያሜታንም ገና ከመጀመሪያው ጠርጥሯታል። ይወዳታል ወይ፣ ትወደዋለች ወይ የሚለው ለሱ ሁለተኛ ነገር ነው፤ ዋናው ልትታመን ትችላለች ወይ የሚለው ነው። የዘጋው ወደ ናቅፋ ሲቃረብ ነው። «ናቅፋ እንዳልተያዘች እናውቃለን። ውጤቱን እያወቅሁ ምን ያንጠለጥለኛል?»

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ረጅም ጊዜ ወሰደብን። እውነት ነው፣ የቀይ ኮከብ ዘመቻ በ1974 ናቅፋን መያዝ አልቻለም፤ ጦርነቱም እስከ 1983 ቀጠለ። በዓሉ ሲጽፍም አንባቢው ይህን ያውቅ ነበር፤ መጽሐፉ የወጣው ከዘመቻው ማግሥት ነው። እንግዲህ ደራሲው «ማን ያሸንፋል?» የሚለውን አንጠልጣይ ጥያቄ ገና ከመነሻው ትቶታል ማለት ነው። ሌላ ጥያቄ ግን ትቶልናል። ይህ ሰው ያየውን ካየ በኋላ ሥራውን እንዴት አድርጎ ይቀጥላል? እኔን እስከ መጨረሻ የወሰደኝ ይኸኛው ነው። መሐንዲሱ አልተቀበለኝም። «እሱማ የኅሊና ጉዳይ ነው፣ ልብ ማንጠልጠል አይባልም» አለ። እስከ ዛሬም እንደተለያየን ነን።

ሃምሳ አለቃው የዘጉበት

ሃምሳ አለቃው በዚያ ዘመን በሰሜን የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። ሁላችንም የጠበቅነው ስለ ውጊያው ትዕይንት እንዲፈርዱልን ነው። ምሽጉ ልክ ነው? መሣሪያው? አነጋገሩ? እሳቸው የዘጉት ግን ሌላ ቦታ ነው። ጸጋዬ ስለ ሥራው፣ ስለ ቅስቀሳው፣ ሕዝብ ምን መስማት እንዳለበት የሚያወራበት ቦታ ላይ።

«የዚህ ልጅ ሥራ ተቀባዩ እኔ ነበርኩ» አሉ።

ከዚያ ተናገሩ። ሌሊት ሬዲዮ ላይ ናቸው። በአንድ ጆሯቸው የክፍላቸው ግንኙነት ነው፤ ውሃ አልደረሰም፣ ቁስለኛ አልተነሣም ይላል። አጠገባቸው አንድ ወታደር በትንሽ ሬዲዮ ዜና ያዳምጣል። ዜናው ድል ይላል። ሁለቱን ድምፅ እኩል ይሰማሉ። «የቱን እንደማምን ጠፍቶኝ አይደለም» አሉ። «ዜናውን ያነበበው ሰው እኛን ያውቀናል ወይ እያልኩ ነበር የማስበው። አሁን መጽሐፉን ሳነብ ያውቀን እንደነበር ገባኝ። ያኔ ነው የዘጋሁት።»

ጓሮው ውስጥ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የሰጡት አስተያየት ግን የጠበቅነው ዓይነት አልነበረም። ጸጋዬን በጋዜጠኝነቱ ይቅር አላሉትም፤ በፍቅሩ ግን አመኑት። «ሰው እንደዚያ ውስጥ ሆኖ የሚወደው ቸኩሎ ነው። ነገ የሚባል ነገር አያይም። እሱን በትክክል ጽፎታል።» ተማሪዋ በጣም ደስ አላት። ለሷ ፍቅሩ በጣም ፈጥኖባት ነበር፤ እንዴት እንደሚዋደዱ ሳይገባት ተዋደዱ። የወታደሩ ማብራሪያ ያንን ፍጥነት ትርጉም ሰጠው።

እኔ እዚህ ላይ ከሃምሳ አለቃው በጥቂቱ እለያለሁ። ጸጋዬ ምሽግ ውስጥ አልነበረም። ሆቴል ውስጥ ነበር፤ ሞቅ ባለች ከተማ፣ መኪና ተመድቦለት። የወታደሩ መቸኮልና የባለሥልጣኑ መቸኮል አንድ ይመስለኛል ብል ውሸት ነው። ይህንን ስናገር ሃምሳ አለቃው አልተከራከሩኝም። «እሱም ልክ ነው» ብለው ሻያቸውን ጠጡ።

ፊያሜታና ከተማዋ

ከአባላቱ አንዷ እናቷ አስመራ ያደጉ ናቸው፤ በ1983 ነው የወጡት። ዛሬ ዓይናቸው ስለደከመ ማታ ማታ እያነበበችላቸው ነው መጽሐፉን የጨረሰችው። የዘጋችበትን ቦታ የመረጡት እናቷ ናቸው። አንድ የመዝናኛ ትዕይንት ላይ «በቃ፣ ዛሬ ይብቃን» አሏት።

እንደ ሌላ ጊዜ ደክሟቸው አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏቸው ያዳምጡ ነበር። ስለ ኮምቢሽታቶ ጎዳና የማታ ሽርሽር፣ ስለ ዘንባባው፣ ስለ ማኪያቶው ራሳቸው እየጨመሩ ይነግሯት ነበር። ጨዋታው እየደራ ሲሄድ ግን ዝም አሉ። በኋላ እንዲህ አሏት፤ «እኛ በሰዓት እላፊ በጊዜ በር ዘግተን ነበር የምንተኛው። ይህ ሁሉ ዳንስ የማን ነው?»

ልጅቷ ከዚህ ተነሥታ ያለችው ነገር በውይይቱ ከተባለው ሁሉ የረቀቀው ይመስለኛል። ፊያሜታ ቆንጆ ናት፣ ሕይወት አላት፣ አንደበቷም ይጥማል። እኛ ግን የምናያት ሁልጊዜ በጸጋዬ ዓይን ነው። ትረካው በአንደኛ መደብ ስለሆነ እሱ ከክፍሉ ሲወጣ እሷም ትጠፋለች። ጦርነቱ ለፊያሜታ ቤተሰብ ምን ነበር? ለጎረቤቷስ? ጸጋዬ አልጠየቀም፤ ስለዚህ እኛም አልሰማንም። ከተማዋንና ልጅቷን አንድ አድርጎ ወደዳቸው፤ ሁለቱንም እንደ እንግዳ።

መሐንዲሱ ይህን ሲሰማ «እንግዲህ የተጠራጠርኳት ለዚያ ይሆናላ» አለ። ስለማናውቃት ነው የጠረጠርናት። በዓሉ ይህንን ሆን ብሎ ነው ያደረገው ወይስ የአጻጻፉ ነገር አስገድዶት? ሆን ብሎ ነው ባይ ነኝ። ተራኪው የሥልጣን ሰው ነው፤ የሥልጣን ሰው ዓይን ምን እንደማያይ ማሳየት የመጽሐፉ አንዱ ሥራ ነው። ልጅቷ ግን «እናቴን እንዲህ ብዬ ላሳምናት አልችልም» ብላኛለች።

መጀመሪያው ገጽ ላይ የቀሩት

ሁለት ሰዎች መጽሐፉን የዘጉት ገና ሲጀምር ነው። በመጀመሪያው ውይይት ሁለቱም «ጥሩ ነው» ብለው ነበር።

አንዱ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ነው። ታላቅ ወንድሙ በ2013 ዘምቶ አልተመለሰም። ጸጋዬ ወደ ሰሜን መሄዱን እንዳነበበ አስቀመጠው። የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው፤ እኛም ሌላ አልጠየቅነውም። አስተማሪዋ ሌላ መጽሐፍ እንደሚመርጥ ጠየቀችው። «አይ፣ እናንተ አንብቡት፣ እኔ እሰማለሁ» አላት። በየውይይቱ ይመጣል፤ ይሰማል።

ሌላዋ ገበያ ውስጥ የልብስ ሱቅ ያላት ሴት ናት። እኔና እሷ እኩያ ነን፤ ልጆቹ ግን እትዬ ነው የሚሏት። ባለቤቷ ወታደር ነው። በቅርቡ ጦርነት ጊዜ ወራት ሙሉ ድምፁ ሳይሰማ ቆይቶ በሰላም ተመልሷል። የዘጋችበትን አነበበችልን። ሮማን የምትቀርበት ቦታ ነው።

«ይቺ ልጅ ቀረች» አለች። «እናንተ ሁላችሁ አብራችሁት ሄዳችሁ። እኔ ከሷ ጋር ቀረሁ።»

ተማሪዋ «እትዬ፣ ታሪኩ እኮ ስለ ፊያሜታ ነው» አለቻት።

«ለሱ ነዋ። ለሮማንስ ስለ ማን ነው?»

ይህን ስትል መጽሐፎቻችንን ሁላችንም መገልበጥ ጀመርን። በሁለቱ ውይይቶች ሮማንን በስሟ የጠራ ሰው አልነበረም። መሐንዲሱ ስሟን ረስቷት ነበር። የጦርና የፍቅር ልብወለድ ብለን ስናነብ ዓይናችን የሄደው ወደ ግንባሩና ወደ አዲሷ ሴት ነው። የቀረችዋ ለታሪኩ መነሻ ብቻ ሆነች። ሐዋሳ ውስጥ፣ እኛው ሰፈር፣ ባሏ ግንባር ያለ ሴት ስንት ሱቅ ከፍታ ትዘጋለች። የሷን ቀን የሚያንጠለጥለው ስልክ ነው፤ የማይደወል ስልክ። ልብ አንጠልጣይ ከተባለ ከዚህ በላይ ምን አለ?

ሃምሳ አለቃውም ተናገሩ። «ደብዳቤ ስንጽፍ ‘ደህና ነኝ’ ነበር የምንለው። እነሱም ‘ደህና ነን’። ያም ዜና ነበር፣ እንደሱ ዜና።»

«እኛማ እናውቅ ነበር ጋሼ» አለች። «ደህና እንዳልሆናችሁ ከእጅ ጽሑፉ ይታወቃል።»

ተማሪዋ ግን በቀላሉ አልተረታችም። ደራሲ የሁሉንም ሰው ታሪክ መጻፍ አይችልም አለች፤ አንዷን ከመረጠ ሌላዋ ትቀራለች። ፊያሜታም ብትሆን በሱ ምክንያት ዋጋ ያልከፈለች አይደለችም። ደግሞ ልብ የት እንደሚሄድ ማን ያዝዛል? እትዬ ቀና ብላ አየቻትና «ወንድ ልቡ ሁለት ቦታ ሲሆን ልብወለድ ይጻፍለታል። ሮማን ብታደርገው ኖሮ ምን ይጻፍላት ነበር?» አለቻት። ልጅቷ መልስ ፈለገች፤ አጣች። ሲመሻሽ ሒሳብ ከፍለን ስንወጣም ሁለቱ በር ላይ ቆመው ይከራከሩ ነበር።

ከዚህ የወጣ አንድ ሥራ አለ። ተማሪዋ ሮማን ለጸጋዬ የምትጽፈውን ደብዳቤ እየጻፈች ነው። እትዬ በቃሏ ትነግራታለች፤ እሷ ታሰናዳዋለች፤ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ነው የሚሠሩት። ሮማን አውቃለች ወይስ አላወቀችም በሚለው ገና አልተስማሙም። እትዬ ታውቃለች ባይ ናት። ለሚቀጥለው ስብሰባ ይነበባል ተብሏል። ሃምሳ አለቃው አንድ ነገር ብቻ ጠይቀዋል፤ ደብዳቤው ላይ የተጻፈበት ቀን ብቻ ሳይሆን የደረሰበትም ቀን እንዲገባበት።